ዕቃውን የሚያየው አንዱ፣ የሚያውቀው ሌላው

የፓርቲው ዋና ጸሐፊ ስለ ሕገ ወጥ መድኃኒትና አደንዛዥ ዕፅ ቁጥጥር ለከተማ ነዋሪዎች ያደረጉት ንግግር




ዛሬ ልናገር የመጣሁት ስለ ድንበር ነው። «እኛ የከተማ ሰዎች ነን፤ ድንበር ምናችን ነው?» የሚል አይጠፋም። ለልጃችሁ የምትገዙት አንቲባዮቲክ፣ እናታችሁ ጠዋት ጠዋት የምትውጠው የደም ግፊት ክኒን፣ አብዛኛው በአንድ በር አልፎ የመጣ ነው። በዚያ በር ላይ ማን እንደቆመና ምን እንደሚያውቅ መጠየቅ እንግዲህ የእናንተ ጉዳይ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በአውሮፓ አቆጣጠር በ2017 ባወጣው ግምት፣ በዝቅተኛና በመካከለኛ ገቢ አገሮች ከሚገኙ አሥር የሕክምና ምርቶች አንዱ ከደረጃ በታች ወይም ሐሰተኛ ነው። ይህ ቁጥር ወደ ቤት ሲገባ ትርጉሙ ከባድ ነው። ውስጡ በቂ መድኃኒት የሌለው አንቲባዮቲክ ልጁን አያድነውም፤ ይባስ ብሎ በሽታ አምጪው ተሕዋስ መድኃኒቱን እንዲለምደው ያደርጋል። በኮንትሮባንድ መንገድ የሚመጣው ደግሞ የተበላሸ መድኃኒት ብቻ አይደለም። ወጣቱን ሱሰኛ የሚያደርጉ ዕፆችና ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚሸጡ ማደንዘዣዎችም በዚያው መንገድ ሊገቡ ይችላሉ።

ሕግ አጥተን ነው እንዳንል፣ ሕግ አለን። ከ1991 ዓ.ም. ጀምሮ መድኃኒትን የሚመለከቱ ሦስት አዋጆች ተከታትለው ወጥተዋል፤ አዋጅ ቁጥር 176/1991፣ 661/2002 እና 1112/2011። የጉምሩክ አዋጅ ቁጥር 859/2006 አለ። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 525 አደንዛዥ ዕፅ የሚያዘዋውረውን በጽኑ እስራት ይቀጣል። በአውሮፓ አቆጣጠር የ1961፣ የ1971 እና የ1988 ዓለም አቀፍ ስምምነቶችንም አገራችን ተቀብላለች። በሕግ ትምህርት ቤት የተማርኩት፣ በሥራም ያረጋገጥኩት አንድ ነገር ቢኖር ግን፣ አዋጅ ብቻውን ሻንጣ አይፈትሽም።

ችግሩ ያለው ዕቃውን የሚያየው አንዱ፣ የሚያውቀው ሌላው በመሆኑ ላይ ነው። የጉምሩክ ሠራተኛው ካርቶኑን ያያል፤ በውስጡ ያለው መድኃኒት በአገር ውስጥ የተመዘገበ መሆን አለመሆኑን የሚያውቀው ግን የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው። ፖሊስ ተጠርጣሪውን ይይዛል፤ ያ ሰው ስንት ጊዜ እንደተመላለሰ የሚያሳየው መዝገብ ያለው ኢሚግሬሽን ዘንድ ነው። የገንዘቡ ዱካ ያለው በባንኮችና በፋይናንስ ደህንነት አገልግሎት እጅ ነው። ክስ የሚመሠርተው ዐቃቤ ሕግ ደግሞ ሁሉም ካለፈ በኋላ ፋይሉ ይደርሰዋል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው።

በጥብቅና ሥራዬ ያጋጠመኝን አንድ ጉዳይ ላንሳ። ደንበኛዬ የጭነት መኪና ረዳት የሆነ ወጣት ነበር። ከሩዝ ጆንያ ሥር የመድኃኒት ካርቶኖች ተገኙና ታሰረ። ካርቶኖቹ በአንድ ሞቃት መጋዘን ለወራት ተቀመጡ። በመጨረሻ ባለሙያ ሲያያቸው፣ መድኃኒቱ ሲገባም የተበላሸ ይሁን ወይስ በመጋዘኑ ሙቀት የተበላሸ፣ መለየት የሚችል ሰው አልተገኘም። የዕቃው ባለቤት ስም በፋይሉ ውስጥ አንድም ቦታ አልነበረም። ልጁ ወራቱን በእስር ቆጠረ፤ ባለ ገንዘቡ ግን ለምስክርነት እንኳ አልተጠራም። ናሙናው በሳምንቱ ቢመረመር፣ የተከፈለውም ገንዘብ ቢጣራ፣ በዚያ ችሎት የሚቆመው ሌላ ሰው ይሆን ነበር።

የተሠራውን መካድ የእኛ ፓርቲ ጠባይ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአንድ መስኮት የኤሌክትሮኒክስ አገልግሎት አስመጪው በየመሥሪያ ቤቱ ፈቃድ ፍለጋ እንዳይንከራተት ታስቦ የተዘረጋ መልካም እርምጃ ነው። ይሁን እንጂ ያ መስኮት የሚያገለግለው ዕቃውን አስመዝግቦ ለሚመጣ ሰው ነው። ኮንትሮባንዲስት ዲክላራሲዮን አይሞላም። እርሱን የሚይዘው በየመሥሪያ ቤቱ የተበታተነው መረጃ በጊዜው ሲገጣጠም ብቻ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የአደንዛዥ ዕፅና የወንጀል ጉዳዮች ጽሕፈት ቤት፣ የዓለም ጉምሩክ ድርጅትና ኢንተርፖል በምዕራብ አፍሪካ አየር ማረፊያዎች ያገዟቸው የጋራ ግብረ ኃይሎች የተመሠረቱት በዚሁ ሐሳብ ላይ ነው፤ ጉምሩክና ፖሊስ በአንድ ክፍል ተቀምጠው የመንገደኛውንና የጭነቱን መረጃ አስቀድመው ይመረምራሉ።

ስለዚህ ፓርቲያችን ብትመርጡት የሚከተሉትን ይፈጽማል፤

1ኛ. የመረጃ ልውውጥን በሕግ ግዴታ እናደርጋለን። ትብብር በኃላፊዎች መልካም ፈቃድና በመግባቢያ ሰነድ ላይ ሊንጠለጠል አይገባም። በተወሰነው ሰዓት መረጃ ያልሰጠ ኃላፊ ይጠየቃል።

2ኛ. በቦሌ፣ በሞያሌ፣ በመተማ፣ በቶጎ ውጫሌና በጅቡቲ መስመር መግቢያዎች የጉምሩክ፣ የመድኃኒት ቁጥጥር፣ የፖሊስና የኢሚግሬሽን ባለሙያዎች ሌሊትም ቀንም በአንድ ጠረጴዛ እንዲሠሩ እናደርጋለን።

3ኛ. የተያዘ መድኃኒት ናሙና የሚወሰድበትን፣ የሚቀመጥበትንና የላቦራቶሪ ውጤት የሚቀርብበትን ቀን በደንብ እንወስናለን።

4ኛ. ምርመራው በሾፌርና በረዳት ላይ እንዳይቆም፣ ከተያዘው ዕቃ ጀርባ ያለው ገንዘብ የማን እንደሆነ መጣራቱን ግዴታ እናደርጋለን።

5ኛ. ምን እንደተያዘ፣ ስንት ክስ እንደቀረበና ስንቱ ፍርድ እንዳገኘ የሚገልጽ ሪፖርት በየዓመቱ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ቀርቦ ለሕዝብ ይታተማል።

እዚህ ላይ አንድ ስጋት አለ፤ ስጋቱም ተገቢ ነው። «መሥሪያ ቤቶቹ ተባበሩ ማለት እኛን በየኬላው የሚያስወርድ አዲስ ክንድ ተፈጠረ ማለት አይደለም ወይ?» ትሉ ይሆናል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 ሰው በግል ሕይወቱ እንዳይደፈር፣ በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ደንግጓል። የጋራው ጠረጴዛ ከእነዚህ አንቀጾች በላይ አይሆንም። የሚሰበሰበው መረጃ የፖለቲካ ተቃዋሚን ለመከታተል ከዋለ ወንጀል እንዲሆን በዚያው ሕግ እንጽፋለን። ዘመድ ከአሜሪካ ለአባቱ የስኳር መድኃኒት ይዞ ሲመጣ፣ የሐኪም ማዘዣውን አሳይቶ በክብር የሚያልፍበት ግልጽ መመሪያም ይኖራል። መረጃ ያለው ተቆጣጣሪ ሁሉን ሰው አያስወርድም፤ የሚፈልገውን ያውቃልና።

በመጨረሻም የማንችለውን አንምልላችሁም። ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ፣ ስድስት ጎረቤቶች የሚዋሰኑት ድንበር በዘበኛ ብቻ አይዘጋም። መድኃኒት ከመደበኛው መደብር ሲጠፋ በሽተኛ ወደ ኮንትሮባንድ ይሄዳል፤ በዚህ እርሱን መውቀስ ፍርደ ገምድልነት ነው። ስለዚህ ከቁጥጥሩ ጎን ለጎን ለአስፈላጊ መድኃኒቶች የውጭ ምንዛሪ ቅድሚያ እንዲያገኝ፣ የአገር ውስጥ ፋብሪካዎችም እንዲበረታቱ እናደርጋለን።

ውድ መራጮች፣ መድኃኒት ስትገዙ ደረሰኝ ጠይቁ፤ ማሸጊያውንና የሚያበቃበትን ቀን ተመልከቱ። ድምፃችሁን ሊወስድ የሚመጣውንም ዕጩ፣ የእኛንም ዕጩ ጭምር፣ «በሩ ላይ የቆሙት ይነጋገራሉ ወይ? ባይነጋገሩስ ማን ይጠየቃል?» ብላችሁ ጠይቁት። መልስ ከሌለው ድምፃችሁን አትስጡት።

ኢትዮጵያ ለዘላለም ትኑር!