አሮጌው ምሰሶ ማገዶ አይደለም



የዛሬው ርዕሳችን ከማድቤት የሚነሳ ነው። በቅርቡ አንድ ወንድማችን ለሰደቃ ማብሰያ እንዲሆን ከመስመር የተነሱ አሮጌ የመብራት ምሰሶዎች አመጣልን። ዱዓ አድርገን ተቀበልነው። መጋዝ ሲነካቸው የሬንጅ ሽታ ግቢውን ሞላው። ያኔ መጠየቅ ነበረብን፤ የጠየቅነው ግን ግማሹ ከነደደ በኋላ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የባሕር ዛፍ ምሰሶ ምስጥ እንዳይበላውና እንዳይበሰብስ ኬሚካል ይገባበታል። አንዱ ከድንጋይ ከሰል ቅጥራን የሚወጣው ክሪዮሶት ሲሆን ካንሰር ሊያመጡ የሚችሉ ነገሮች አሉበት። ሌላው የመዳብ፣ የክሮሚየምና የአርሰኒክ ድብልቅ ነው። አርሰኒክ መርዝ ነው፤ እሳት አያጠፋውም። እንጨቱ ሲቆረጥ በብናኙ፣ ሲነድ በጭሱ ይወጣል፤ የቀረው አመዱ ውስጥ ይከማቻል።

በ1984 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የሐኪሞች ማኅበር መጽሔት የወጣ ዘገባ ስለ አንድ የገጠር ቤተሰብ ይናገራል። ስምንቱ የቤተሰብ አባላት አርሰኒክ ያለበትን እንጨት በምድጃ ሲያነዱ ኖረው፣ ብርድ በገባ ቁጥር ፀጉራቸው ይረግፍ፣ ቆዳቸው ይቆጣ፣ መተንፈስም ይቸግራቸው ነበር።

«አርጅቷል፤ ኬሚካሉ አልቋል» የሚሉ አሉ። አረንጓዴ መልኩ ወደ ግራጫ ቢለወጥም መርዙ ውስጡ አለ።

በተለይ አመዱን እንጠንቀቅ። በየቤታችን አመድ ድስት ይፈተግበታል፤ ጎመን መደብ ላይም ይበተናል። የዚህ እንጨት አመድ ለአንዱም አይሆንም። ጨው ጨው ስለሚል ከብትም ይልሰዋል፤ ልሰውት የሞቱ አሉ።

ስለዚህ እንዲህ ዓይነቱ ምሰሶ በፍጹም አይነድ። ለአጥር ከተፈለገ ሳይቆረጥ ይተከል። መቁረጥ ግድ ከሆነ ከቤት ውጭ፣ ልጆች በሌሉበት፣ ከሥር ላስቲክ ተነጥፎ ይሁን። ቆራጩ ጓንትና የብናኝ መከላከያ ጭንብል ያድርግ፤ ተራ ጨርቅ አይበቃም። ብናኙ ተጠራርጎ ይሰብሰብ፤ ልብሱ ለብቻው ይታጠብ፤ እጅን ሳይታጠቡ አይበላ።

ምሰሶውን ያመጣውን ወንድማችንን አልወቀስንም፤ ኒያው መልካም ነበር። ጥፋቱ የእኛም ነውና አመዱን ለድስት የወሰዱትን እናቶች ቤት ለቤት ዞረን እንዳይነኩት ነገርናቸው። አንዲት እናት «ሸኻችን፣ በነጻ የመጣን ነገር ማን ይመረምራል?» አሉን። እውነታቸውን ነው። መመርመሩ የሰጪና የተቀባይ አማና ነው፤ ራስንም ጎረቤትንም መጉዳት በዲናችን አልተፈቀደምና።

አላህ ቤታችንን ይጠብቅልን።