የትራስ ልብስ በቤታችን
(በወርኃዊ ስብሰባችን ላይ በማኅበሩ ጸሐፊ የተደረገ ንግግር፤ ላልተገኙ አባሎች የወጣ)



የዛሬው ንግግሬ ስለ መዋጮ አይደለም፤ ስለ ትራስ ነው። አትሳቁ። በብዙዎቻችን ቤት የሶፋው ትራስ ልብሱ አንዴ ተሰፍቶበት ስለማይወልቅ፣ ሳይታጠብ ይከርማል። አዲስ እንግዛ ስንል ደግሞ የአስቤዛውን ገንዘብ ይነካል። በሌላ በኩል በየሳጥናችን መሐሉ የሳሳ፣ ጥለቱ ግን ገና ደህና የሆነ ነጠላ ተቀምጧል። ሸማኔው ያንን ጥለት ክር በክር ቆጥሮ ነው የሠራው። ለወለል መወልወያ መሆን የለበትም።

«መኪና ሳይኖረኝ በምን ልስፋ?» የምትሉ አላችሁ። መኪና ስፌት ያፈጥናል እንጂ ልኬት አያውቅም። ስለዚህ የዕቁብ ገንዘብ አውጥቶ ወይም ተበድሮ መኪና ከመግዛት በፊት፣ ሦስት አራት ትራስ በመርፌ ሰፍቶ እጅን መፈተን ይሻላል። እጁ ከለመደና ገዢ ከተገኘ መኪናው ያኔ ይደርሳል።

አሠራሩ 40 በ40 ሳንቲ ሜትር ለሆነ ትራስ እንዲህ ነው፦

1ኛ/ ጨርቁ አስቀድሞ ይታጠብ፣ ይተኮስ። ጥጥ ሲታጠብ ያጥራል፤ ሳይታጠብ ከተሰፋ ኋላ ትራሱ አልገባ ይላል።

2ኛ/ ለፊቱ 43 በ43 አንድ፣ ለጀርባው 43 በ29 ሁለት ቁረጡ። ትርፉ በየጎኑ 1 ሳንቲ ሜትር ተኩል ለስፌት ነው። ወርዱ 90 የሆነ ጨርቅ 1 ሜትር ከ10 ለሁለት ትራስ ይበቃል።

3ኛ/ ፊቱ ከነጠላ ከሆነ፣ ነጠላ ስስ ስለሆነ ለብቻው አይችልም። በልኩ የተቆረጠ የአቡጀዲ ገበር ከሥሩ አድርጋችሁ ዙሪያውን ወስውሱት። ጥለቱ በትራሱ መሐል ይዋል።

4ኛ/ የሁለቱን ጀርባ አንዳንድ ረጅም ጠርዝ፣ አንድ አንድ ሳንቲ ሜትር ሁለቴ አጥፋችሁ ዘምዝሙ።

5ኛ/ ፊቱን መልኩን ወደ ላይ ዘርጉ። ጀርባዎቹን መልካቸውን ወደ ታች አድርጋችሁ፣ የተዘመዘመው ጠርዝ ወደ መሐል ሆኖ፣ በላዩ አስተኟቸው። መሐል ላይ 11 ሳንቲ ሜትር ይደራረባሉ። ትራሱ የሚገባውም የሚወጣውም በዚያ ነው፤ ዚፕም ቁልፍም አያስፈልግም።

6ኛ/ ዙሪያውን ወስውሱ። ከዚያ ከጠርዙ 1 ሳንቲ ሜትር ተኩል ገባ ብላችሁ፣ መርፌውን በየጊዜው ወደ ኋላ እየመለሳችሁ ካለፈው ስፌት ጫፍ ላይ እየወጋችሁ ስፉ። እንዲህ ያለ ስፌት ቶሎ አይተረተርም። የውስወሳውን ክር ምዘዙ፣ የማዕዘኑን ትርፍ ቀንጠብ አድርጉ፤ ስፌቱ ግን እንዳይነካ። ገልብጡና ማዕዘኑን በእርሳስ ጀርባ ግፉት። አለቀ።

ለውስጡ ከአቡጀዲ ከረጢት ሰፍታችሁ ጥጥ ሙሉበት፤ አስቀድማችሁ ማዕዘኖቹን። ቁርጥራጭ ጨርቅ ከሆነ በጣም ይድቀቅ፤ አለበለዚያ ይጓጉላል።

ሁለት ማሳሰቢያ አለኝ። መርፌ ሲጀመርም ሲጨረስም ይቆጠር፤ ሕፃን ያለበት ቤት ነው። ደግሞ ወጣቶች፣ የእናታችሁን ነጠላ ሳትጠይቁ እንዳትቆርጡ! ለእናንተ ያረጀ የመሰላችሁ ለእሳቸው የሠርጋቸው ሊሆን ይችላል።

«ይኼ የሴት ሥራ ነው» የሚል ወንድ ካለ ደግሞ ሽሮ ሜዳ ወርዶ ሸማኔዎቹን ይይ፤ የመርካቶን ልብስ ሰፊዎችም ይቁጠር። በአገራችን ሽመናውም ስፌቱም በወንዶች እጅ የኖረ ሙያ ነው። ወንዶች ልጆቻችንም መርፌ ይያዙ።

በሚቀጥለው ስብሰባ እያንዳንዱ ቤት የሰፋውን አንድ ትራስ ይዞ ይምጣ። የተጣመመም ቢሆን አታፍሩ፤ እዚሁ ተያይተን እናቃናዋለን። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።