አገልጋዩ ዝም ባለ ጊዜ፦ የኔትወርክ ፋይል ሲስተም ተገልጋይን በከርነል ውስጥ ስለ ማዋቀር



አንድ ፕሮግራም ፋይል እንዲከፈትለት ከርነሉን በሚጠይቅበት ጊዜ፣ ፋይሉ በየትኛው ዲስክ ላይ እንደሚገኝ አያውቅም፤ እንዲያውቅም አይጠበቅበትም። ዲስኩ በዚያው ኮምፒዩተር ውስጥ ቢሆን ወይም ከኔትወርኩ ማዶ በሌላ ኮምፒዩተር ውስጥ ቢሆን፣ መክፈቱ፣ ማንበቡ፣ መጻፉና መዝጋቱ የሚፈጸመው በአንድ ዓይነት ትእዛዝ ነው። ይህን ምቾት ካስገኙት ሥራዎች መካከል በሰፊው የተሠራጨው፣ ሰን ማይክሮሲስተምስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1980ዎቹ አጋማሽ ያወጣው የኔትወርክ ፋይል ሲስተም፣ በአጭር አጠራሩ ኤን.ኤፍ.ኤስ. ነው። ፋይሉን የሚያቀርበው ኮምፒዩተር አገልጋይ፣ የሚጠቀምበት ደግሞ ተገልጋይ ይባላል። በዚህ ንግግር የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ይሁን እንጂ በቅርቡና በሩቁ ዲስክ መካከል በምንም ዓይነት ጥበብ ሊሰወር የማይችል አንድ ልዩነት አለ፤ ይኸውም የሩቁ ዲስክ ዝም ሊል የሚችል መሆኑ ነው። ዝምታው የመጣው አገልጋዩ ስለ ወደቀ ይሁን፣ መስመሩ ስለ ተቋረጠ ይሁን፣ ወይም ሥራ በዝቶበት ስለ ዘገየ ብቻ፣ ተገልጋዩ ከዝምታው ተነሥቶ ለይቶ ሊያውቅ አይችልም። ስለሆነም የኤን.ኤፍ.ኤስ. ተገልጋይን ማዋቀር፣ ከርነሉ ከሚሠራበት ሰዓት ጀምሮ የሩቁ ዲስክ እስከሚያያዝበት ድረስ፣ አገልጋዩ ዝም ባለ ጊዜ ምን እንዲደረግ አስቀድሞ መወሰን ማለት ነው።

የኤን.ኤፍ.ኤስ. ፈጣሪዎች ለዚህ ችግር ያገኙት የመጀመሪያ መፍትሔ ቀላልና ብልኅነት ያለው ነበር። አገልጋዩ ስለ ተገልጋዮቹ የሚያስታውሰው ነገር እንዳይኖር አደረጉ። እያንዳንዱ ጥያቄ የትኛው ፋይል፣ ከየትኛው ቦታ፣ ምን ያህል የሚለውን ሁሉ ራሱ ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ አገልጋዩ በድንገት ወድቆ ቢነሣ የሚጠፋበት ትዝታ የለም፤ ተገልጋዩም መልስ እስኪያገኝ ድረስ ያንኑ ጥያቄ መደጋገም ብቻ ይበቃዋል። በ1989 በይፋ የተገለጸው 2ኛው እትም በዚህ መንገድ የተሠራ ነበር። በ1995 የወጣው 3ኛው እትም መሠረቱን ሳይለቅ፣ ከ2 ጊጋባይት በላይ የሆነ ፋይል እንዳይያዝ ያግድ የነበረውን ወሰን አስወገደ። በ2000 የወጣውና በ2003 የተሻሻለው 4ኛው እትም ግን አካሄዱን ለወጠ፤ ፋይል የከፈተውንና የቆለፈውን ተገልጋይ አገልጋዩ እንዲያስታውስ፣ ይህም መብት በየጊዜው እንደሚታደስ የኪራይ ውል እንዲጠበቅ አደረገ። በዚህ እትም ዝምታው በሁለቱም ወገን ዋጋ አለው፤ ውሉን ሳያድስ የቀረ ተገልጋይ የያዘውን ቁልፍ ሊያጣ ይችላል።

በሊኑክስ ከርነል ማዋቀሪያ ውስጥ የተገልጋዩ ድጋፍ የሚገኘው ከኔትወርክ ፋይል ሲስተሞች ክፍል ሲሆን፣ መልሱ ከሦስት አንዱ ነው፤ ይቅር፣ በከርነሉ አካል ውስጥ ይካተት፣ ወይም በሚፈለግበት ጊዜ ብቻ የሚጫን ሞጁል ይሁን። ለአብዛኛው ሥራ ሞጁሉ በቂ ነው። የራሱ ዲስክ የሌለውና ሥርወ ማውጫውን ሳይቀር ከአገልጋይ የሚያገኝ ኮምፒዩተር ግን በሞጁል ብቻ ሊነሣ አይችልም። ሞጁሉ የሚገኘው በሩቁ ዲስክ ላይ ነው፤ የሩቁን ዲስክ ለመክፈት ደግሞ ሞጁሉ ያስፈልጋል። ነገሩ የቤቱን ቁልፍ ከቤቱ ውስጥ ትቶ በሩን እንደ መቆለፍ ነው። ስለዚህ ተገልጋዩ፣ ሥርወ ማውጫን በኤን.ኤፍ.ኤስ. የማግኘት ምርጫ፣ የኔትወርክ ካርዱ ድጋፍና የአድራሻ አሰጣጡ በአንድነት በከርነሉ አካል ውስጥ መካተት አለባቸው፤ አለዚያም ሞጁሎቹን የያዘ ጊዜያዊ የመነሻ ፋይል ሲስተም ከከርነሉ ጋር አብሮ መጫን ይገባዋል።

ቀጥሎ የሚመጣው የእትምና የማጓጓዣ ምርጫ ነው። ሁሉንም «ይካተት» ማለት ጥንቃቄ መስሎ ቢታይም፣ የማያስፈልግ እትም የማያስፈልግ በር ነው። ከማጓጓዣዎቹም ዩ.ዲ.ፒ. የተባለው ለብቻው ሊታሰብበት ይገባል። በዩ.ዲ.ፒ. የሚላክ የ8 ኪሎባይት መልእክት በተራ የኢተርኔት መስመር ላይ በ6 ቁራጭ ተከፋፍሎ ይጓዛል፤ የአንድ መልእክት ቁራጮች የሚታወቁትም በጋራ መለያ ቁጥራቸው ነው። የመለያ ቁጥሩ 16 ቢት ስለሆነ ከ65,536 በኋላ እንደገና ከመጀመሪያው ይነሣል። በሰከንድ 1 ጊጋቢት በሚያስተላልፍ መስመር ላይ ይህ ዙር የሚያልቀው በ4.3 ሰከንድ ገደማ ነው። ተቀባዩ የሊኑክስ ከርነል ግን ያልተሟሉትን ቁራጮች በተለመደው አሠራር እስከ 30 ሰከንድ ድረስ ያቆያል። ስለዚህ አንድ ቁራጭ በመንገድ ከጠፋ፣ የቀሩት ቁራጮች ተመሳሳይ ቁጥር ከያዘ የሌላ መልእክት ቁራጭ ጋር ሊገጣጠሙ ይችላሉ። የማረጋገጫ ድምሩ ከእነዚህ ስሕተቶች አብዛኞቹን ይይዛል፤ ሁሉንም ግን አይይዝም። ያመለጠው ስሕተት ማንም ሳያውቀው ከፋይሉ ውስጥ ይገባል። በ2020 ከወጣው ከሊኑክስ 5.6 ጀምሮ ማዋቀሪያው ዩ.ዲ.ፒ.ን አስቀድሞ ዘግቶ የሚቀርበውም ያለ ምክንያት አይደለም። ቲ.ሲ.ፒ. የተሻለ ማጓጓዣ ነው።

ከርነሉ ከተሠራ በኋላ ዲስኩ በሚያያዝበት ጊዜ ከሁሉ የከበደው ውሳኔ ይመጣል። ማያያዣው ሁለት ዓይነት ነው፤ «ሀርድ» የሚባለው ጽኑና «ሶፍት» የሚባለው ልል። በጽኑ ማያያዣ ተገልጋዩ አገልጋዩ እስኪመልስ ድረስ ያለ ወሰን ይጠብቃል። በልል ማያያዣ ግን የተወሰነ ጊዜ ሞክሮ ተስፋ ይቆርጥና ለፕሮግራሙ የስሕተት ምልክት ይሰጠዋል። በቲ.ሲ.ፒ. የተለመደው የመጀመሪያ ጥበቃ 60 ሰከንድ ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ 2 ጊዜ ተደግሞ ይሞከራል። ምንም ካልተመረጠ ሊኑክስ የሚይዘው ጽኑውን ነው።

ልሉ ማያያዣ ለጊዜው የሚወደደው ፕሮግራሞች ደርቀው እንዳይቀሩ ስለሚያደርግ ነው። ዋጋው ግን ወዲያው አይታይም። ለምሳሌ በአንድ መሥሪያ ቤት የሒሳብ ክፍል የወሩን ደመወዝ የሚያሰላ ፕሮግራም ውጤቱን በሩቅ ዲስክ ላይ ይጽፋል እንበል። ፕሮግራሙ «ጻፍ» ብሎ ሲያዝ ከርነሉ ጽሑፉን በተገልጋዩ ሜሞሪ ውስጥ ይቀበልና «ተፈጸመ» ይለዋል፤ ወደ አገልጋዩ የሚልከው በኋላ ነው። በዚህ መካከል አገልጋዩ ዝም ቢልና የሙከራው ጊዜ ቢያልፍ፣ ስሕተቱ ለፕሮግራሙ የሚነገረው ፋይሉ ሲዘጋ ወይም ጽሑፉ ከዲስክ መድረሱ እንዲረጋገጥ ሲጠየቅ ነው። የመዝጊያውን መልስ የማይመረምር ፕሮግራም «ሥራው ተጠናቋል» ብሎ ይወጣል። ፋይሉ ግን ከመካከሉ ጎድሎ ይቀራል፤ ጉድለቱም የሚታወቀው ደመወዙን ያጣ ሠራተኛ አቤት ሲል ነው።

ጽኑው ማያያዣም ያለ ዋጋ አይደለም። አገልጋዩ ዝም ባለ ቁጥር ፕሮግራሞቹ ቆመው ይቀራሉ፤ ከርነሉም አገልጋዩ እንዳልመለሰና ሙከራው እንደቀጠለ በመዝገቡ ላይ ይጽፋል። ሆኖም በ2008 ከወጣው ከሊኑክስ 2.6.25 ወዲህ እንዲህ የቆመን ፕሮግራም በግዳጅ ማጥፊያ ምልክት ማስወጣት ይቻላል። የቆመ ሥራ ለሁሉ ይታያል፤ ባለሙያም ይጠራበታል። የጎደለ ፋይል ግን ጤነኛ መስሎ ይቀመጣል። ስለዚህ ለሚጻፍበት ዲስክ ሁሉ ጽኑው ማያያዣ ተገቢ ነው፤ ልሉ ለንባብ ብቻ ለተያያዘና መጥፋቱ ለማይጎዳ ነገር ሊፈቀድ ይችላል።

ከዚህም ሌላ ሁለት ነጥቦች ሊዘነጉ አይገባም። አንደኛ፣ ተገልጋዩ የፋይሎችን መጠንና የተለወጡበትን ጊዜ፣ በተለመደው አሠራር ከ3 እስከ 60 ሰከንድ፣ በሜሞሪው ያቆያል፤ ስለዚህ አንዱ ተገልጋይ የለወጠውን ሌላው ወዲያው ላያይ ይችላል። ሁለተኛ፣ በተራው የማንነት አሠራር አገልጋዩ የሚያምነው ተገልጋዩ የሚልከውን የተጠቃሚ ቁጥር ነው፤ በሁለት ኮምፒዩተሮች ላይ አንድ ቁጥር የተሰጣቸው ሁለት ሰዎች ለአገልጋዩ አንድ ሰው ናቸው። ምሥጢር ላለበት ሥራ የከርቤሮስን ማረጋገጫ በከርነሉ ውስጥ ማካተት ያስፈልጋል።

እንግዲህ ለማጠቃለል፣ በማዋቀሪያው ገጽ ላይ አንድ ፊደል ከመምረጥ የማያልፍ የሚመስለው ሥራ፣ በእርግጥ የሌሎች ሰዎች ሥራ እንዲቆም ወይም እንዲጠፋ የሚወስን ነው። ስለዚህ መሐንዲሱ ከማዋቀሩ በፊት የፋይሉን ባለቤት ሊጠይቅ ይገባዋል፤ መጠበቅ ይሻለዋልን ወይስ ማጣት? ካዋቀረ በኋላም ሥርዓቱን ለአገልግሎት ሳያስረክብ፣ ፋይል በሚጻፍበት ሰዓት የአገልጋዩን መስመር ሆን ብሎ ነቅሎ የሚሆነውን ይመልከት። መስመሩን መልሶ ሲያያይዝ ሥራው ከቆመበት ቀጥሎ ፋይሉ ሙሉ ሆኖ ከተገኘ፣ ያን ጊዜ ያስረክብ።