የመርካቶ መድኀኒትና የቅርፅ ሒሳብ
(በተማሪዎች ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምናገረው ቶፖሎጂ የተባለው የሒሳብ ክፍል ለመድኀኒት ፍለጋ ስለሚሰጠው አገልግሎት ነው። ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር እጠራለሁ። ቶፖሎጂ ርዝመትንና ስፋትን አይለካም፤ ምን ከምን ጋር እንደ ተያያዘ፥ ስንት ቀለበትና ስንት ባዶ ስፍራ እንዳለ ይቆጥራል።

ምሳሌውን ከመርካቶ እንውሰድ። አራት ሱቆች በአንድ መስመር ተደርድረዋል እንበል። ተላላኪው ልጅ ከሱቅ ወደ ጎረቤት ሱቅ ሲሄድ አንድ ብለን፥ እያንዳንዱን ጥንድ አንድ ጊዜ ብንቆጥር ድምሩ 10 ይሆናል። አንዱን ሱቅ መካከል አድርገን ሦስቱን ከእርሱ ጋር ብቻ ብናገናኝ ግን 9 ነው። በሱቆቹ ፈንታ አራት የካርቦን አቶሞች አኑሩ፤ የፊተኛው ቡቴን፥ የኋለኛው ኢሶቡቴን ነው። የአቶሞቻቸው ዓይነትና ብዛት አንድ ሲሆን፥ ቡቴን ከዜሮ በታች በግማሽ ዲግሪ፥ ኢሶቡቴን ከዜሮ በታች በ12 ዲግሪ ገደማ ይፈላሉ። ልዩነቱ የአያያዝ ነው። ይህን አቆጣጠር ሃሪ ዊነር በ1947 አሳተመው።

በ2017 ደግሞ በሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ዚሹዋን ካንግ የተባለ የዶክትሬት ተማሪ ከመምህሩ ከጉዎዌይ ዌይ ጋር የፕሮቲንንና የመድኀኒትን ቀለበቶችና ባዶ ስፍራዎች ቆጥሮ ለኮምፒዩተር ሰጠ፤ መድኀኒቱ ፕሮቲኑን ምን ያህል አጥብቆ እንደሚይዝ ለመተንበይ ማለት ነው።

ነገር ግን ኮምፒዩተር የሚማረው ሰው አስቀድሞ ከለካው ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 በዐድዋ፥ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አዩ። በዚህም የቢልሃርዝያን አስተላላፊ የሚገድል ነገር ተገኘ። ስለዚሁ ሥራ ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር በ1989 የራይት ላይቭሊሁድን ሽልማት ተቀበሉ። መነሻው የአጣቢዎቹ ልማድና የተመልካቹ ዓይን ነበረ።

እንግዲህ ወደ መርካቶ እንመለስ። በዕፅ ሻጮች ዘንድ ኮሶ፥ እንቆቆና መተሬ ይገኛሉ፤ ሦስቱም ለኮሶ ትል የሚጠጡ ናቸው። የሞለኪውሎቻቸው አያያዝ ይመሳሰላልን? ወይስ እያንዳንዱ ትሉን በሌላ መንገድ ያጠቃዋል? ይህ ለእኛ የተገባ ጥያቄ ነው። ኮሶ ሲበዛ ሰውን እንደሚጎዳ አባቶቻችን ያውቃሉ፤ የመጠኑን ነገር ግን የቀለበት ቁጥር ብቻውን አይነግረንም።

ስለዚህ የኬሚስትሪው ተማሪ ያጣራ፤ የሒሳቡ ይቁጠር፤ የፋርማሲው መጠኑን ይፈትን። ከሁሉ አስቀድሞ ግን ዕፁን የሚያውቁትን እናቶች በአክብሮት ጠይቀን የነገሩንን እንጻፍ፤ ከእነርሱ እንደ ተማርነውም እንመስክር። ያልተጻፈ ዕውቀት ከባለቤቱ ጋር ይቀበራልና።