ሌላ ሰው የሚቀመጥበትን ኮምፒዩተር ስለ ማሰናዳት

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን አንድ የኮምፒዩተር ክበብ አባል ያደረገው ንግግር)





የምናገረው ትንሽ ስለሚመስል ነገር ነው። ይኸውም አንድ ተማሪ ኮምፒዩተሩን ከፍቶ ገና ምንም ሳይነካ በፊቱ ተሰናድቶ የሚያገኘውን ነገር ማን እንደሚመርጥለትና በምን ሚዛን እንደሚመርጥለት ነው። ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ሊኑክስ ሲባል ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል። በ1991 ሊኑስ ቶርቫልድስ የሚባል የ21 ዓመት ወጣት፥ በሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ፥ ከርነል የሚባለውን የኮምፒዩተር ሥርዐት እምብርት ጽፎ ለማንም ሰው በነጻ ሰጠ። ነገር ግን ከርነል ብቻውን ሞተር ብቻ እንደ መያዝ ነው፤ መሪና ወንበር የሌለው ሞተር ማንንም የትም አያደርስም። ስለዚህ ሌሎች ሰዎች የጽሕፈት፥ የሥዕል፥ የሙዚቃ፥ የኢንተርኔት ፕሮግራሞችን እየጨመሩ አንድ ሙሉ ስብስብ አደረጉት። ይህ ስብስብ ዲስትሪቢዩሽን፥ ባጭሩ ዲስትሮ ይባላል። ኢያን መርዶክ በ1993 የመሠረተው ደቢያን ከነዚህ አንዱ ሲሆን፥ ደቡብ አፍሪካዊው ማርክ ሻትልወርዝ በ2004 ያወጣው ኡቡንቱ ደግሞ ከደቢያን የተወለደ ነው። ፈቃዱ ስለማይከለክል ማንም ሰው፥ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪም ቢሆን፥ አንዱን ወስዶ ያሻውን ቀንሶና ጨምሮ የራሱን ዲስትሮ ማውጣት ይችላል። የክበባችን ሥራም ይኸው ነው።

እናት ልጇን ወደ ሩቅ አገር ስትሸኝ ስንቅ ትቋጥራለች። በሶውን ታብዛው ወይስ ዳቦ ቆሎውን፥ የምትወስነው እርሷ ናት፤ ልጁ መንገድ ላይ ሌላ ነገር ሊገዛ ይችል ይሆናል፥ ነገር ግን አብዛኛውን ቀን የሚበላው የተቋጠረለትን ነው። ኮምፒዩተርም እንዲሁ ነው። ተጠቃሚው ካልለወጠው በቀር ባለበት የሚቆየው ምርጫ ነባሪ ይባላል፤ አብዛኛው ሰው ደግሞ አይለውጠውም። ስንፍና አይደለም፤ መለወጥ እንደሚቻል የነገረው ሰው የለም።

የቋጠሮው ጥበት ራሱ ምርጫን ያስገድዳል። ኡቡንቱ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት 700 ሜጋባይት በሚይዝ በአንድ ሲዲ ላይ እንዲገባ ይደረግ ነበር። ስለዚህ ለአንድ ተግባር አንድ ፕሮግራም ብቻ ይመረጥ ነበር። በ2010 ጊምፕ የሚባለው የታወቀ የሥዕል ማረሚያ ከነባሪዎቹ መካከል ሲወጣ፥ ቦታ ይይዛል፥ ለጀማሪም ይከብዳል ተብሎ ነው። ብዙ ሰዎች ተቈጥተዋል። እኔ ግን ፍርዱ ትክክል ይመስለኛል፤ ጊምፕን የሚፈልግ ሰው ፈልጎ ማግኘት የሚችል ሰው ነውና። አስቀድሞ ሊታሰብለት የሚገባው ፈልጎ ማግኘት የማይችለው ነው።

በዚህ ረገድ ከሁሉ ይልቅ የነካኝ የደቢያን ታሪክ ነው። ደቢያን ዴስክቶፑን፥ ማለት በመስኮቱ ላይ የሚታየውን የሥራ ገበታ፥ ኖም ከሚባለው ከባድ ገበታ ወደ ቀላሉ ኤክስኤፍሲኢ ለውጦት ነበር። በ2014 ግን ወደ ኖም መለሰው። ከተሰጡት ምክንያቶች አንዱ የአካል ጉዳተኞች አገልግሎት ነው፤ ኖም ኦርካ ከሚባለው፥ ለዓይነ ስውራን በመስኮቱ ላይ ያለውን ድምፅ አሰምቶ ከሚያነበው ፕሮግራም ጋር በደንብ ይስማማል። የሚያይ ሰው ገበታው ባይስማማው በአንድ ሰዓት ውስጥ ይለውጠዋል። የማያይ ሰው ግን የሚያነብለት ነገር ከመጀመሪያዋ ደቂቃ ከሌለ፥ የሚያነብለትን ለመፈለግ እንኳ መንገድ የለውም።

ይህ ለእኛ የወሬ ጉዳይ አይደለም። በክፍላችን ዓይነ ስውር ተማሪ አለች፤ ጥያቄ በመመለስ ደግሞ ከብዙዎቻችን ትበልጣለች። የኮምፒዩተር ክፍላችን መኪናዎች ግን ያረጁ ናቸው፤ ከመካከላቸው 2 ጊጋባይት ራም ብቻ ያላቸው አሉ፤ የዛሬው ኖም በነዚህ ላይ ሲሄድ ሸክም እንደ በዛበት አህያ ነው። ስለዚህ በክበባችን ውስጥ ሁለት ወገን ተነሣ። አንደኛው ወገን ለአንድ ሰው ብለን ሁሉን ማዘግየት አይገባም አለ። ሁለተኛው ወገን ደግሞ አንድ ሰው ጨርሶ ከሚቀር ሁሉም ትንሽ ይዘግይ አለ። እኔ ከሁለተኛው ወገን ነበርሁ። ከብዙ ክርክር በኋላ ማቴ የሚባለውን ገበታ አገኘን፤ ይኸውም በ2011 ከአሮጌው ኖም የወጣ፥ ቀለል ያለ፥ ከኦርካም ጋር የሚስማማ ነው። ከኤክስኤፍሲኢ ጥቂት ይከብዳል፤ ያን ጥቂት ክብደት ልንሸከመው ወስነናል። ኢስፒክ ኤንጂ የተባለው ድምፅ ሰጪ አማርኛም ስለሚያነብ እርሱን ጨመርንበት፤ አነጋገሩ የቆርቆሮ ድምፅ ነው፥ ቢሆንም ይሰማል።

ስለ አማርኛ ካነሣሁ ዘንድ ጥቂት ልቈይ። የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው። ስለዚህ በሊኑክስ አማርኛ መጻፍ አይቻልም የሚሉ ሰዎች ወሬያቸው አርጅቷል፤ የአማርኛ የቁልፍ አቀማመጥም፥ አቢሲኒካና ኖቶ የሚባሉት መልከ ፊደሎችም በነጻ ይገኛሉ። ችግሩ ተሰናድተው አለመጠበቃቸው ነው። እኛም ስናሰናዳ አንድ ወጥመድ ጠበቀን። አማርኛውን የመጀመሪያ ቁልፍ ብናደርገው፥ ተማሪው ገና በመግቢያው ላይ በላቲን ፊደል ያወጣውን የይለፍ ቃል ሲጽፍ በግእዝ ፊደል ይወጣበታል፤ ነጥብ ብቻ ስለሚታየው ደግሞ ምን እንደ ተበላሸ አያውቅም። ስለዚህ በመግቢያው ላይ ላቲን፥ ከገባ በኋላ በአንድ ቁልፍ አማርኛ እንዲሆን አደረግን።

የጽሕፈት ፕሮግራሙ ሊብረኦፊስ ነው፤ በዚህ አልተከራከርንም። የተከራከርነው በየትኛው ቅርጽ ያስቀምጥ በሚለው ነው። የራሱ ቅርጽ ኦዲኤፍ ለሁሉ ክፍት ስለ ሆነ በመርሕ ደረጃ የተሻለው እርሱ ነው። ነገር ግን ተማሪው ጽሑፉን በፍላሽ ይዞ ወደ ማተሚያ ሱቅ ሲሄድ የሚያገኘው ማይክሮሶፍት ወርድን ነው። መስመሩ ተዛብቶ፥ ሠንጠረዡ ተበትኖ ቢወጣ፥ የገጹን ዋጋ የሚከፍለው ተማሪው እንጂ መርሑ አይደለም። ስለዚህ ነባሪው የወርድ ቅርጽ እንዲሆን ድምፅ ሰጥቻለሁ፤ እንደ ክዳት የቈጠሩብኝ ጓደኞችም አሉ። በራሱ ጊዜ የማስቀመጡን ነገር ግን ማንም አልተቃወመም፤ ፕሮግራሙ በየ10 ደቂቃው የሚያደርገውን በየ2 ደቂቃው አደረግነው። መብራት ሲጠፋ 10 ደቂቃ ስንት ገጽ እንደሚበላ መምህራኖቻችን ያውቃሉ።

አሁን ደግሞ ወላጆች እንድታስቡበት የምለምናችሁን ልናገር። ነባሪ ምርጫ ተጠቃሚውን ሊጐዳውም ይችላል። በ2012 የወጣው ኡቡንቱ 12.10 ሰው በገዛ ኮምፒዩተሩ ውስጥ ፋይል ሲፈልግ የጻፈውን ቃል በኢንተርኔት ወደ ውጭ እየላከ የአማዞንን የንግድ ዕቃዎች ያሳይ ነበር። ሪቻርድ ስቶልማን ይህን ስለላ ነው ብሎ በግልጽ ነቀፈው። ማጥፋት ይቻል ነበር፤ ነገር ግን ማብራቱ ነባሪ ነበር፤ ነገሩ ሁሉ በዚህ ላይ ነው። በ2016 በወጣው በ16.04 ነባሪው ተገለበጠ። በዚያው በ2016 ደግሞ ሚራይ የተባለ ተንኰለኛ ፕሮግራም ከፋብሪካ በወጡበት የይለፍ ቃል የተተዉ ካሜራዎችንና የኢንተርኔት መሣሪያዎችን እየፈለገ በብዛት ማርኮ ታላላቅ ድረ ገጾችን እስከ ማቋረጥ ደረሰ። ባለቤቶቹ ካሜራቸው ለሌላ ጌታ እንደሚያገለግል አላወቁም። ራስበሪ ፓይ የተባለችው ትንሽ ኮምፒዩተርም «ፓይ» የሚባል ተጠቃሚና «ራስበሪ» የሚል የይለፍ ቃል ይዛ ስትመጣ ኖራ፥ በ2022 ይህ ቀርቶ እያንዳንዱ ሰው በመጀመሪያው ቀን የራሱን እንዲያወጣ ተደርጓል። እኛም እንዲሁ አድርገናል። እርግጥ ነው፥ የይለፍ ቃሉን የሚረሳ ተማሪ በየቀኑ ይመጣብናል፤ ይምጣብን።

ኪዊክስ የሚባለውን ኢንተርኔት ሳያስፈልግ ዊኪፔዲያን የሚያስነብብ ፕሮግራም ከነ አማርኛው ክፍል ጨምረናል። ማሻሻያዎችንም አንድ ኮምፒዩተር ብቻ አውርዶ ለሌሎቹ እንዲያከፋፍል እያሰናዳን ነው፤ ሁሉም ለየራሱ ቢያወርድ የኢንተርኔቱ ወጪ አይቻልምና።

ሳንቈርጠው የቀረን የጨዋታ ነገር ነው። ጂኮምፕሪ የሚባለው ለሕፃናት የተሠራ መማሪያ ስለ ሆነ ለኛ ዕድሜ አይሆንም። ቼዝ ይግባ በሚለው ሁላችንም ተስማምተናል። የመኪና እሽቅድምድም ይግባ የሚሉ ግን የዘጠነኛ ክፍል ጓደኞቻችን ናቸው፤ ከመምህራንም አንዳንዶቹ ጨርሶ አይግባ ይላሉ። የኔ አሳብ ይህ ነው፤ እሽቅድምድሙ በዲስኩ ላይ ይኑር፥ ነገር ግን በማውጫው ላይ አይታይ፤ ፈልጎ ለመጫን የሚተጋ ልጅ ቢያንስ መጫንን ተምሯል። የፕሮግራሞቹ ዝርዝር በሙሉ በቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ ተለጥፏል፤ በአጠገቡም እርሳስ በገመድ ታስሯል። ወላጆችም ጭምር ከመሄዳችሁ በፊት አንብባችሁ፥ የሚወጣውን በመሰረዝ፥ የሚገባውን በመጻፍ ብትረዱን፥ ዲስኩን የምንገለብጠው በሚመጣው ሳምንት ነው።