ከአልጋ ወደ አልጋ፣ ከአገር ወደ አገር

አቅራቢ፦ መድኃኒት የተላመደ ባክቴሪያ ከአንዱ አገር ሆስፒታል ወደ ሌላው እንዴት ይሻገራል?

ክሌብሲዬላ የተባለው ባክቴሪያ አንጀት ውስጥ ሳይጎዳን ይኖራል። በሽንት ወይም በመተንፈሻ ቱቦ በኩል ሳንባና ደም ውስጥ ሲገባ ግን ሊገድል ይችላል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1996 በአሜሪካዋ ሰሜን ካሮላይና የተገኘው ዝርያ፣ ኬፒሲ የሚባል ኢንዛይም ያመርት ነበር። ኢንዛይሙ ሐኪሞች ለክፉ ቀን የሚያቆዩአቸውን ካርባፔነም የተባሉ መድኃኒቶች ይሰባብራል። ዘረመሉ ደግሞ ከባክቴሪያ ወደ ባክቴሪያ ይተላለፋል፤ ተሸካሚው ሰውም ምንም ሳያመው አውሮፕላን ይሳፈራል።

ኬፒሲ ኒው ዮርክን አዳርሶ በ2006 የእስራኤል ሆስፒታሎችን አጥለቀለቀ። በ2007 የአገሪቱ ጤና ሚኒስቴር ተሸካሚዎች ለብቻ እንዲተኙ፣ የራሳቸው ነርሶች እንዲመደቡላቸው፣ ሆስፒታሎችም በየዕለቱ ሪፖርት እንዲያደርጉ አዘዘ። በሆስፒታል ውስጥ በባክቴሪያው የሚያዙ አዳዲስ ታካሚዎች በወር፣ ታካሚዎች ተኝተው በሚያሳልፏቸው 100,000 ቀናት 55.5 የነበሩት፣ በግንቦት 2008 ወደ 11.7 ወረዱ። ያለ አዲስ መድኃኒት!

እናንተም ውጭ አገር ሆስፒታል ተኝታችሁ ከተመለሳችሁ፣ ቀጣዩ ሐኪማችሁ ሳይጠይቃችሁ ንገሩት። ነርሷ እጇን ሳትታጠብ ከመጣች ደግሞ ማስታወስ ነውር አይደለም።