የእናቴ ቢጫ ቀሚስ
(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ከአባላት አንዷ ያቀረበችው ንግግር)



የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው። ሥርጭቱ በ1970ዎቹ አጋማሽ ባለቀለም ቢሆንም፣ እኔ አሰበ ተፈሪ ሳድግ የጎረቤታችን ቴሌቪዥን ጥቁርና ነጭ ነበር። ማታ ሰፈሩ ተሰብስቦ ዘፈን ያያል፤ እናቴ ግን ዓይኗ ከዘፋኟ ቀሚስ ላይ አይነሳም። እንዳየችው አድርጋ አሰፋች። ቀለሙ ስለማይታይ ራሷ መረጠች፤ የአደይ አበባ ቢጫ።

ዛሬ ቦኬ ላይ ልጆቻችን ያንኑ የድሮ ስልት በስልካቸው እያሳዩ “ይሄን ስፉልኝ” ይሉናል፦ ትከሻው በስፖንጅ የተነሳ፣ እጅጌው የተነፋ፣ ወገቡ የጠበበ። የስፌት ቡድናችን ግን ቅዱን አያውቀውም ነበር። ሁለት ደንበኞች እንዲሁ ተመለሱብን። በመጨረሻ የእናቴን ቀሚስ ከሳጥን አወጣሁ። ስፌቱን ስንፈታ ሆዴ ተላወሰ፤ ግን በጋዜጣ ላይ ዘርግተን ቅዱን ወሰድንና መልሰን ሰፋነው። ከዚያ ወዲህ አራት ቀሚስ ሰፍተን ሸጠናል፤ ገቢውም ቁጠባችን ውስጥ ገብቷል።

እውነቱን ልናገርና፣ አምና ያንን ቀሚስ በአንድ የፕላስቲክ ሳፋ ለልዋጭ ልሰጠው ነበር። እናንተም ሳጥናችሁን ሳትፈትሹ ልዋጭ እንዳትጠሩ አደራ። የእናቶቻችሁን ልብስ መጀመሪያ ወደ ስፌት ቤታችን አምጡት፤ ቅዱን ወስደን እንመልስላችኋለን። ቀለሙን ግን፣ እንደ እናቴ፣ ራሳችን እንምረጥ።